ለወንድሜ የነገርኩት መድኃኒት

የስደት ታሪካቸውን የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ ነው የሚጀምሩት። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ በሚኒባስ ነው። ማንም አላባረረኝም፤ ድንበርም በእግሬ አላቋረጥኩም። ሻንጣዬ ውስጥ የትምህርት ዕድል ያገኘሁበት ደብዳቤ፣ እማዬ ከአንኮበር የላከችልኝ በሶ፣ እና እህቴ እትዬ አልማዝ በግድ የጫነችብኝ የሱፍ ብርድ ልብስ ነበር። «ጀርመን ብርድ ነው አሉ» አለችኝ፣ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ እየተንቀጠቀጠች። ያ የደብረ ብርሃን ነፋስ ፊቷን እየገረፋት ስለ ሌላ አገር ብርድ ታስጠነቅቀኛለች።

እኛ ሦስት ነን። የመጀመሪያው ጋሼ ጌታነህ እነዋሪ የፊዚክስ መምህር ነበር። እትዬ አልማዝ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። እኔ ትዕግስት የመጨረሻዋ ነኝ፤ ከመውጣቴ በፊት እዚያው ደብረ ብርሃን የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ።

ጋሼ ያን ቀን ሊሸኘኝ ከእነዋሪ መጥቶ ነበር። የጫማው ክር አልታሰረም። ልሰርለት ብዬ ተንበረከክሁና ሳያስተውል ቅልጥሙን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁት። ጣቴን ሳነሳ ቦታው ጎድጉዶ ቀረ።

«ጋሼ፣ እግርህ አብጧል።»

«ጫማው ጠቦኝ ነው።»

«ባለፈው ወር ሽንትህን የመረመርኩት እኮ እኔ ነኝ።»

ዝቅ ብሎ አየኝ። ተማሪ ትክክለኛ መልስ ሲሰጠው እንደሚያደርገው ፈገግ አለ። «እንግዲያው ሂጂና ምን እንደሆነ አውቀሽ ነይ» አለኝ።

አባታችን ቄስ ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ መጀመሪያ እግሩ አበጠ፣ ቀጥሎ ፊቱ፤ መቅደስ ቆሞ ማገልገል አቃተው፣ ከዚያ ዐረፈ። ከእሱ በፊት ታላቅ ወንድሙ እንዲሁ ሆኖ ነበር የሞተው። አንኮበር ላይ አንዳንዱ የምንጩ ውሃ ነው ይል ነበር፣ አንዳንዱ ደግሞ ዝም ማለትን ይመርጥ ነበር። አባታችን ጸበልም ሐኪም ቤትም ተወስዷል። ሐኪሙ «ኩላሊት ነው» ከማለት ሌላ የጨመረው ነገር አልነበረም።

በተማሪነት ነው የወጣሁት። ስደተኛ የሆንኩት ቀስ በቀስ፣ ወረቀት በወረቀት ነው። የመጀመሪያው ወረቀት የውጭ ዜጎች ቢሮ ውስጥ የተሞላው ነው። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያደረገ ሰውዬ ከፊቴ ተቀምጧል።

«የቤተሰብ ስምዎ?»

«የለኝም።»

«የቤተሰብ ስም የሌለው ሰው የለም።»

«የአባቴ ስም አለኝ፣ ኃይለ ሚካኤል።»

«ጥሩ፣ የቤተሰብ ስም ኃይለ ሚካኤል። አባትዎም፣ አያትዎም ኃይለ ሚካኤል ናቸው ማለት ነው።»

«አይደለም። አያቴ ወልደ ጻድቅ ናቸው።»

«እናትዎስ?»

«አስካለ ተክሌ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እቤታችሁ ውስጥ እርስ በርሱ የሚዛመድ ሰው አለ?»

ያን ቀን በጣም ሳቅሁ። ማታ ለጋሼ ደውዬ ነግሬው እሱም እየሳለ ሳቀ። የሚያዛምደንን ነገር ግን በማግስቱ ጠዋት ላብራቶሪ ገብቼ ማጥናት ጀመርኩ።

ስለ ቤት አከራዬ ሳልናገር አላልፍም። ፍራው ሎረንዝ፣ ማለትም ወይዘሮ ሎረንዝ፣ ይባላሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከታች ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴትዮ ናቸው። በሳምንቱ መጥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ዞሩ።

«መስኮት አይከፍቱም» አሉኝ። «በቀን ሦስት ጊዜ ይክፈቱ። ‹ሉፍተን› ይባላል።»

«በዚህ በረዶ?»

«በተለይ በበረዶ።»

እኛ እኮ ደብረ ብርሃን ላይ ነፋስ በቁልፍ ቀዳዳ እንዳይገባ ጨርቅ ስንወትፍ ያደግን ሰዎች ነን። ብርድን በር ከፍቶ «ግባ» የሚል ሕዝብ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተበጠበጠውን በሶ አዩና አሸተቱት። «ግድግዳ ሊጠግኑ ነው?» አሉኝ። ምግብ ነው ብዬ ማር ጨምሬ አቀመስኳቸው። ረጅም ሰዓት አላመጡና «ይህን ማንም ሳያስገድድዎ ነው የሚበሉት?» ብለው ጠየቁኝ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም። ዳቦው ጎምዛዛ፣ ድንቹ ጣፋጭ፣ ሰላምታው አጭር የሆነበት አገር ውስጥ በየቀኑ ስሜን የሚጠሩልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ያውም «ፍራው ሚካኤል» እያሉ።

አሁን ስለ ሥራዬ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጥፋቴ ያለው እዚያ ነው። ጂን ማለት ከእናትና ከአባት የምንወርሰው፣ በሰውነታችን ውስጥ ተጽፎ የሚቀመጥ ትእዛዝ ነው። እኛ የምናጠናው ጂን ስሙ የላቲን ፊደልና ቁጥር ስለሆነ እዚህ ብጽፈው ለማንም አይጠቅምም። ኩላሊት ውስጥ ነው የሚሠራው። በጤነኛ ሰው ላይ ዝግ ብሎ ይሠራል። በአንዳንድ ቤተሰብ ግን ልክ አያውቅም፣ ያን ጊዜ ኩላሊቱ ቀስ እያለ ጠባሳ ይሆናል። አለቃዬ ፕሮፌሰሩ ከዚህ ጂን ሁለት ነገር ይጠብቅ ነበር። አንደኛው፣ ጂኑ የሚያሠራው ፕሮቲን ሰው ከማበጡ ከብዙ ዓመት በፊት ሽንት ውስጥ ስለሚታይ በሽታውን አስቀድሞ ይጠቁማል። ሁለተኛው፣ ጂኑን ጸጥ የሚያሰኝ ነገር ቢገኝ ጠባሳው ሊቆም ይችላል።

ለስብሰባ የመጣ የአገር ቤት ሐኪም የጋሼን የሽንት ናሙና በትንሽ ብልቃጥ በበረዶ ይዞልኝ መጣ። አለቃዬን አስፈቅጄ አየሁት። ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ታየ፣ ከሌሎቹ ናሙናዎች ሁሉ በላይ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የአባቴን ፊት አሰብኩ። ከዚያ ወጥቼ ለእማዬ ደወልኩ።

«እማዬ፣ አባዬን የገደለው ምን እንደሆነ ታወቀ። ከዘር የሚመጣ ጂን ነው።»

«ጂን አልሽኝ?» አለች። «እኔም ድሮ ብዬ ነበር። አባትሽ ነው ቄስ ቤት ጂን አይገባም ብሎ የተቆጣኝ።»

«እንደሱ አይደለም እማዬ፣ ይሄ ሌላ ነው።»

«ተይው፣ ገብቶኛል» አለችኝ፣ በጣም ረክታ።

በዚያ ጊዜ የጋሼ ኩላሊት ሊያበቃ ተቃርቦ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ሐኪሙ ንቅለ ተከላ ያስፈልግሃል ብሎት እትዬ አልማዝ አንድ ኩላሊቷን ልትሰጠው ተነሣች። ሁለቱም ተመረመሩ፤ የእሷ ኩላሊት ጤነኛ ነው፣ ለእሱም ይስማማዋል ተባለ። ቀን ሊቆረጥ ነበር። ጋሼ ግን በደወልኩ ቁጥር ያንኑ ይላል፦ «ሦስት ልጆች ያላት ሴት ናት። እሷን አስተኝቼ ሆዷን ላስቀድድ?» ምክንያት እየፈለገ ነበር። ያን ምክንያት የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ወሩ ኅዳር ነው። አለቃዬ ሁላችንንም ሰብስቦ ውጤቱን በግድግዳው ላይ አሳየን። ጂኑን ጸጥ የሚያሰኘው ውህድ የተሰጣቸው አይጦች ኩላሊት ንጹሕ ነበር፤ ያልተሰጣቸው ጠባሳ በጠባሳ። ከሥዕሉ በላይ «የመድኃኒት ዒላማ ሊሆን የሚችል ጂን» ተብሎ ተጽፏል። ሰው አጨበጨበ። እኔ ኮቴን እንኳ ሳልደርብ ወደ ደረጃው ወጥቼ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ተሳካ።»

«ምኑ?»

«መድኃኒቱ። ጂኑን ጸጥ አሰኘው። ኩላሊታቸው ዳነ።»

«የማን?»

እዚህ ላይ ነው። እዚህ ላይ «የአይጦቹ» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። አፌ ላይ መጥታ ነበር። ግን ያን ድምፁን፣ ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን፣ የድሮውን የጋሼን ድምፅ ሰማሁ፤ እና «የታከሙት» አልኩ።

«እንግዲያው አልማዝን ለምንድን ነው የማስቀድዳት?» አለኝ።

«ትንሽ ጠብቅ» አልኩት።

ጠበቀ። የአዲስ አበባውን ቀጠሮ ሰረዘ። ለመምህራኑ ሁሉ እህቴ መድኃኒቱን አገኘች ብሎ ነገራቸው። እማዬ ለንስሐ አባቷ ነገረች። ወሬው እንዴት እንደሄደ አላውቅም፤ በሁለተኛው ሳምንት ከደነባ አንዲት ሴትዮ ስልኬን አግኝታ ደወለችልኝ።

«እቴ፣ ባለቤቴ አብጦብኛል። ያንን ያገኙትን መድኃኒት በሰው ይላኩልኝ።»

«እናቴ፣ ገና ነው» አልኳት።

«ለገና ነው?» አለች፣ ደስ ብሏት። «እሺ፣ ለገና ከሆነማ ቅርብ ነው። እንጠብቃለን።» ዘጋችው። መልሼ ልደውልላት ቁጥሩን አወጣሁ፣ አየሁት፣ ተውኩት። ገና ሲደርስ አልደወለችም። ባሏ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በየካቲት ሁለተኛው ሙከራ ወደቀ። ውህዱ የአይጦቹን ኩላሊት ቢያድንም ጉበታቸውን ጎዳው። አለቃዬ ሙዙን እየላጠ «ሌላ ውህድ እንሞክራለን» አለ። ስንት ጊዜ ይፈጃል ብዬ ጠየቅሁት።

«ሰው ዘንድ እስኪደርስ? ሁሉም ነገር ከቀናን አሥር ዓመት። ሁሉም ነገር ግን ቀንቶን አያውቅም።»

ያን ቀን ለጋሼ አልደወልኩም። በማግስቱም አልደወልኩም። ስደውል ደግሞ እሱ ስለ መድኃኒቱ አይጠይቀኝም ነበር፤ እንዳላፍር ይመስለኛል። በልተሻል ወይ፣ በረዶው ቆመ ወይ፣ ሴትዮዋ መስኮት ማስከፈቷን ተወች ወይ ይለኛል። እኔም እመልሳለሁ። እንዲህ እያልን አራት ወር አለፈ። እያንዳንዱን ስልክ አሁን ቁጭ ብዬ አስታውሳለሁ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ እውነቱን ለመናገር የሚበቃ ዝምታ ነበረበት።

ክረምት ገባ። በአካባቢው ጸጥታ ምክንያት መንገዱ ይዘጋ፣ ይከፈት፣ ደግሞ ይዘጋ ነበር። ኔትወርክም እንዲሁ። ከብዙ ቀን ዝምታ በኋላ እትዬ አልማዝ ደወለች።

«ጋሼ ሆስፒታል ገብቷል። እነዋሪ ታሞ መንገድ እስኪከፈት ሁለት ቀን ቆየ። ደሙን በማሽን እያጠቡለት ነው።»

«ንቅለ ተከላውስ?»

«ልቡ ደክሟል፣ አሁን አይችለውም አሉ። በኅዳር ቢሆን ኖሮ አሉ።» ትንፋሿ ይሰማኛል። «ትዕግስት፣ መድኃኒቱ መቼ ነው የሚደርሰው?»

«እትዬ፣ መድኃኒት የለም። የዳኑት አይጦች ናቸው።»

«አይጥ?»

«አይጥ።»

«ጋሼ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያስ ከእኔም አይሰማም» አለች። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ቢሮው ሄድኩ። የተማሪነት ፈቃዴ አልቆ አዲሱ እስኪታይ የመሸጋገሪያ ወረቀት ነበር የያዝኩት። ያው ባለ መነጽሩ ሰውዬ ነው።

«ወንድሜ ሊሞት ነው። አገሬ ደርሼ ልምጣ።»

ወረቀቱን ገለበጠ። «መሄድ ይችላሉ። ማንም አይከለክልዎትም።»

«አመሰግናለሁ።»

«መመለስ ነው የማይችሉት።»

«ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።»

«ፍራው ሚካኤል፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን። በዚህ ወረቀት መውጣት እንጂ መግባት የለም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም» አለኝ። ወረቀቱን ከማየቱ በፊት የተናገረው ቢሆን ኖሮ ሰው ነው እል ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሰው ነበረ።

ብዙዎቻችሁ ቪዛ ከለከሉኝ፣ ወረቀት አሰረኝ ትላላችሁ። እኔ ያን ማለት አልችልም። በሩ ክፍት ነበር። ወጥቼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ዓመታት የደከምኩበትን ጥናት፣ ሊያልቅ የቀረውን ጥቂት ወር፣ ከዚህ ከወጣሁ ይህን ጂን አገሬ ላይ ማን ያጠናዋል የሚለውን ሁሉ አወጣሁ አወረድኩ። ለቤተሰቡ ብዬ ነው የምቀረው አልኩ። ለራሴም ነበር። አልሄድኩም።

ጋሼን የመጨረሻ ጊዜ ያነጋገርኩት በሴት ልጁ በሰላማዊት ስልክ ነው። ሰላማዊት ደብረ ብርሃን ነርስነት ትማራለች፤ አባቷን የምታስታምመው እሷ ነበረች። ስልኩን ጆሮው ላይ ያዘችለት።

«ትዕግስት» አለ፣ በሁለት ትንፋሽ።

«አቤት ጋሼ።»

«መድኃኒቱ ሲደርስ… መጀመሪያ ለሰላማዊት። እኔ እንኳን… እኔ ቀጥሎ የሚመጣው ይበቃኛል።»

«እሺ» አልኩት።

ይህን «እሺ» ማን ይቅር እንደሚለኝ አላውቅም።

በዘጠነኛው ቀን ማለዳ ደወሉ ተደወለ። በሩን ስከፍት ደረጃው ላይ ሰባት ሰዎች ቆመዋል። ከተማዋ ውስጥ ያለነው ኢትዮጵያውያን በሙሉ ማለት ይቻላል፤ ሴቶቹ ከልብሳቸው ላይ ነጠላ አጣፍተዋል። እዚህ አገር በሥራ ቀን ማለዳ ሰባት ሰው በር ላይ የሚቆመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ማንም ሳይናገር ተቀመጥኩ፣ እዚያው መሬት ላይ። ጮኽኩም። ፍራው ሎረንዝ በሌሊት ልብሳቸው እየሮጡ ወጡ።

«እሳት ነው? ሌባ ነው? ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ጩኸት እንደማይፈቀድ ደንቡ ላይ—» ብለው ሁላችንንም አዩን። «ምን ሆናችሁ?»

«ወንድሟ ሞተ» አለቻቸው አንዷ።

«መቼ?»

«ከትናንት ወዲያ።»

«ታዲያ ለምን ትናንት በስልክ አልነገራችኋትም?»

ይህን ማንም ሊያስረዳቸው አልሞከረም። ገብተው ቆዩና በትልቅ ድስት የድንች ሾርባ ይዘው ተመለሱ። ለቅሶ ቤት ምግብ ተይዞ እንደሚመጣ ማን እንደነገራቸው እንጃ። ያን ቀን በሙሉ ከእኛ ጋር ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው አውቃለሁ። ስለ መስኮቱ አንድም ነገር አልተናገሩም።

ጋሼ አንኮበር ከአባታችን አጠገብ ተቀበረ። መንገዱ ለዚያ ቀን ክፍት ነበር አሉኝ። ጥናቴን ጨረስኩ፤ ዶክተር አሉኝ፤ ወረቀቱም መጣ። አሁን መውጣትም መግባትም እችላለሁ። አልሄድኩም። እትዬ አልማዝ ትደውልልኛለች፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ገበያው እናወራለን። ስለ አይጦቹ ለማንም አልነገረችም። አንኮበር ላይ እማዬ እስከ ዛሬ መድኃኒቱ መንገድ ላይ ደርሶ ልጄ ቀደመው እያለች ነው የምታለቅሰው።

ባለፈው እሑድ ሰላማዊት ደወለች። ድምፅዋ የነርስ ሆኗል።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የአባዬን ሽንት መርምረሽ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«ሰው ከመታመሙ በፊትም ያሳያል አልሽ?»

«ያሳያል።»

«እንግዲያው የእኔንም ልላክልሽ? ከመሥሪያ ቤቴ አንድ ዶክተር ወደዚያው ሊመጣ ነው።»

ምን ልበላት? ጠቋሚው ይሠራል፤ እሱ አልወደቀም። መድኃኒቱ ነው የሌለው። በዚህ ዕድሜዋ የሚመጣባትን ነግሬያት፣ የሚያስቆመውን ሳልሰጣት ልተዋት ነው።

«ሰላማዊት፣ ይህን በደንብ ስሚኝ» አልኳት። «ቢገኝብሽ የምሰጥሽ መድኃኒት የለኝም። ያኔም አልነበረኝም። አባትሽን ዋሽቼዋለሁ። የዳኑት አይጦች ነበሩ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ነርስ እኮ ነኝ፣ ጥናታችሁን አንብቤ ነው። አባዬ ሆስፒታል ሳለ ነው ያወቅሁት። እሱ ደስ ብሎት ስለነበር ዝም አልኩ» አለች።

ሁለታችንም ተናግረን ያበቃን መሰለኝ። እሷ ግን አላበቃችም።

«አንቺስ አክስቴ? የራስሽን አይተሻል?»

ማሽኑ ከወንበሬ አራት እርምጃ ነው። ስንት ዓመት የሌላ ሰው ናሙና ሳስገባበት ኖሬያለሁ።

«አላየሁም» አልኳት።

«ፈርተሽ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አብረን እንይ» አለችኝ። «የእኔ ሲደርስሽ የአንቺንም አስገቢ። የእኔን ብቻዬን አልሰማም። ዶክተሩ ሐሙስ ነው የሚነሣው፤ እስከ ረቡዕ ማታ እሺ ወይም እምቢ በይኝ።»

እስከዚያ ደውዬ እነግርሻለሁ አልኳት። ዛሬ ረቡዕ ነው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ደብረ ብርሃን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል።